ግዝቱ የተፈታ ጨፌ

ጓዴን የሚያውቅ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሣው እጁን ነው። ስብሰባ ላይ እጁን ካወጣ አወጣ ነው፤ የሚያስወርደው የለም። አገር ምድሩ "እንዲያው ይለፍ፣ ምናለበት" ሲል እሱ ብቻውን ክንዱን ገትሮ ይቀመጣል። የቀበሌው ሕዝብ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ የመረጠውም በዚሁ ነው። "ይሉኝታ አያውቅም፣ ጉቦ አይበላም፣ ለወንድሙም አያዳላም" ተባለለት። እውነት ነው፣ አላዳላም። ምን ያደርጋል! ያው የተመረጠበት እጅ ነው ቤቱን ኦና ያደረገው።

እንግዲህ ከመነሻው ልንገራችሁ።

አገሩ ጋይንት ነው። ከአርብ ገበያ ማልዶ የተነሣ ሰው አህያውን እየነዳ ወደ ማታ የሚደርስበት ደጋ፤ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላም ይዘራበታል። የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አፋፉ ላይ ናት፤ ከእሷ ሥር ጨፌው ይጀምራል። ጨፌ ሲባል ዝም ብሎ የሣር ሜዳ እንዳይመስላችሁ። ውሃ ያዘለ ረግረግ ነው፤ በበጋ እንኳ ሲረግጡት እግር ይውጣል። ራስጌው ላይ ምንጭ አለ፤ በምንጩ ዙሪያ ቄጠማ፣ ወደ ግርጌው ደግሞ ጉልበት የሚያልፍ ሣር። መጋቢት ላይ አገሩ ሁሉ አመድ ሲመስል የገበሬው በሬ ነፍሱን የሚያቆየው በዚህ ሣር ነበር። ከምንጩ የምትወርደው ውሃ የታችኛውን መንደር ሰውም ከብትም ታጠጣለች። በቀዳም ስዑር ካህናቱ ለየቤቱ የሚያድሉት ቄጠማም የሚታጨደው ከዚሁ ነበር።

ይህን መሬት ማን ጠብቆት ኖረ? ዘበኛ አልነበረው፣ አጥር አልነበረው። የሚጠብቀው ግዝት ነበር። ሰኔ ሚካኤል ቅዳሴ እንዳበቃ ካህኑ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው፣ መስቀላቸውን ወደ ጨፌው አንሥተው፣ እስከ መስቀል ድረስ ማጭድ ያስገባ፣ ከብት የነዳ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላሉ። ሕዝቡ "ይሁን!" ይላል። በቃ። ከዚያ በኋላ ጥጃ እንኳ አምልጣ ብትገባ ባለቤቷ ሮጦ ንስሐ አባቱ ዘንድ ነው። ለመስቀል ሲፈታ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ መበለቷም ባለ ብዙ ከብቱም እኩል ሸክም አጭዶ ይገባል። ይህ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚያስታውስ ሽማግሌ የለም። ጓዴም ሲወለድ ደርሶበት ነው።

ጨፌውን ይወደው ነበር። መሬት እንደ ሰው ይወደዳል ወይ ካላችሁኝ፣ ይወደዳል እንጂ! ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ፊቱን ሳይታጠብ የሚያየው ጨፌውን ነው። ሚስቱ ካሣነሽ፣ "ምነው፣ ዛሬስ እንዴት አደርሽ አላልካትም?" እያለች ታሾፍበታለች።

"አንቺ ሳትነሺ ተባብለን ጨርሰናል" ይላታል።

ሽመላ ሲያርፍበት ሥራውን ትቶ ቆሞ ያያል። ሰው ስለሚያድግ ልጁ እንደሚያወራ ሁሉ እሱ ስለ ቄጠማው ርዝመት ያወራል። አንድያ ልጁ ደምሌ ገና እግር ሲተክል ጀምሮ ይዞት የሚወርደው ወደዚያው ነበር፤ ልጁ መዋኘት የተማረውም ከምንጩ በታች ካለችው ኩሬ ነው። ከደምሌ በፊት የተወለዱት ሁሉ በሕፃንነታቸው ስለሞቱ፣ እናቱ ልጇ ውሃ በነካ ቁጥር ልቧ ስቅል ይል ነበር። ጓዴ ግን "ይህ ውሃ ሰው አይበላም" ይላታል።

ከዳር ዳር ግን ነገሩ መሸርሸር ጀምሯል። ከጨፌው ግርጌ እርሻ ያላቸው ገበሬዎች በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየጨመሩ ይገፉታል። ሲጠየቁ ሳቅ ብለው፣ "ግዝቱ ማጭድና ከብት ይላል እንጂ ማረሻ አይል!" ይላሉ። ጓዴ በየዓመቱ የተገፋውን በእርምጃው ይለካል። የኮሚቴ ሰብሳቢ ከሆነ ወዲህማ እንቅልፍ አጣ።

በዚህ መሀል ነው ዓለምነህ የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ የመጣው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ይህን ልንገራችሁ፣ ኋላ ስሙን በከንቱ እንዳታነሡት። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ረግረጉ ውስጥ ገብቶ ዳሩን ዞሮ ለካ። ለክቶ ሲጨርስ እግሩን ሣር ላይ እየጠረገ እንዲህ አለ፦

"አያ ጓዴ፣ እንዲህ ያለ መሬት ዛሬ ተፈልጎም አይገኝ። መከለል አለበት። የወል ይዞታ ተብሎ ይመዝገብ፣ መተዳደሪያ ደንብ ይውጣለት፣ የጣሰ ይቀጣ። ማኅተም ካረፈበት በኋላ ማንም አይነካው።"

ጓዴ ይህችን ቃል ዋጣት። ማንም አይነካው! ስንት ዘመን ሲመኘው የኖረውን ነው የነገረው።

"አንድ ነገር ብቻ አለ" አለ ዓለምነህ። "ግዝቱ መቅረት አለበት። የቤተ ክርስቲያን ግዝት እያለበት የወል ብለን ብንመዘግበው ነገ 'የደብሩ ነው፣ የሕዝቡ ነው' የሚል ሙግት ይነሣል። አንድ መሬት በሁለት ሕግ አይተዳደርም።"

ጓዴ በማግስቱ አባ ካሴ ዘንድ ሄደ። አባ ካሴ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፤ የጓዴም የንስሐ አባት። ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው፤ መስቀል ተሳልሞ ነገሩን አወጣው።

"አባ፣ ግዝቱን ይፍቱልን።"

"መስቀል መች ደረሰና?"

"ለመስቀል አይደለም። ጨርሶ እንዲቀር ነው።"

አባ ካሴ ዓይናቸውን ወደ ጨፌው መለሱ።

"ምን በደለህ ግዝቱ?" አሉት።

"ማረሻ አያግድም አባ። በየዓመቱ እየገፉት ነው፣ እርስዎም ያያሉ።"

"ታዲያ ማረሻም ብዬ እጨምርበታለኋ! እኔን ምን ቸገረኝ?"

ወይ ጓዴ! ይህን ሲሉት እሺ ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ኋላ ስንት ጊዜ መለስ ብሎ ያሰባት ይህችን ቃል ነው። ያን ቀን ግን ጆሮው ላይ የቀረው የዓለምነህ ማኅተም ነበር።

"አንድ መሬት በሁለት ሕግ አይተዳደርም አባ። አሁን ደንብ ይወጣለታል። ማኅተም አለው።"

"ማኅተሙን የሚይዘው ማን ነው?"

"መንግሥት ነዋ።"

"መንግሥት ስትል ያው ሰው ነው፣ ልጄ። ዛሬ ይሾማል፣ ነገ ይነሣል። መፍታቱን እፈታዋለሁ፤ አንተ ደግ ሰው ነህ፣ ለክፉ አላልከውም። ግን ግዝት እኔ ብቻዬን የምናገረው ነገር አይደለም። 'ይሁን' የሚል ሕዝብ ይፈልጋል። አንዴ ከተወው ሕዝቡ ነገ መልሶ ላይል ይችላል። አስበህበታል?"

"አስቤበታለሁ" አለ ጓዴ። አላሰበበትም።

ግዝቱ በነሐሴ ኪዳነ ምሕረት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተፈታ። አባ ካሴ ከበሩ ቆመው ፈቱ፤ ጓዴ ከወንዶቹ ፊት ቆሞ ደስ ብሎት ነበር። ካሣነሽ ከሴቶቹ መሀል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ቤት ሲገቡ "ምን ሆንሽ?" ቢላት፣ "ጨፌዋን እርቃኗን አቆማችኋት" አለችው። ሳቀባት። ብዙም ሳይቆይ ደንቡ ጸደቀ፣ ችካሉ ተተከለ፣ ማኅተሙ አረፈ። በደንቡ ላይ ጓዴ ራሱ ያስገባት አንዲት አንቀጽ አለች፤ ሰብሳቢው ካልተስማማ ከጨፌው ለማንም አንድ ጋት አይሰጥም የምትል። እሷን ሲያስገባ ኮራ።

አሁን ወደ ደምሌ ልምጣ፤ አፌ አልታዘዝ ቢለኝም።

ደምሌ አሥራ ሁለተኛን ተፈትኖ ውጤት አልመጣለትም። እንደ እሱ ያሉ ስንት ናቸው! መሬት የላቸው፣ ሥራ የላቸው፤ ቀኑን ሙሉ አጥር ተደግፈው ስልክ ሲነካኩ ይውላሉ። የጓዴ እርሻ ራሱ ከመጥበቧ የተነሣ ለሁለት ብትከፈል ለማንም አትሆንም። ልጁ ደግሞ የሚያገባት ልጅ ነበረችው፤ አባቷ "የሚቆምበት መሬት ይዞ ይምጣ" ብለዋል። በዚህ ጊዜ ነው የልብ ወዳጁ መልካሙ ሐሳብ ይዞ የመጣው፦ በማኅበር ተደራጅተን የጨፌውን ግርጌ እንጠይቅ፣ ባሕር ዛፍ እንትከልበት፣ ጣውላውም አጠናውም ገበያ አለው። ምንጩን አንነካም፣ ግርጌውን ብቻ።

ደምሌ ለአባቱ ቤት ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም። አውቆ ነው። ስብሰባው ላይ ሕዝብ ፊት ከጠየቀ አባቱ እምቢ ለማለት ያፍራል ብሎ አስቦ ነበር። አባቱን አያውቀውም? ያውቀዋል። ግን ልጅ ነውና ተስፋ አደረገ።

የስብሰባው ቀን ጥያቄው ሲነበብ ሰው ሁሉ አጉረመረመ፣ ወዲያው ደግሞ "ልጆቻችን ናቸው፣ የት ይሂዱ?" ተባለ። ድምፅ ሲሰጥ ከጓዴ በቀር ያልደገፈ ሰው አልነበረም። የሚቃወም ሲባል ያ እጅ ወጣ። ሁሉም ዘወር ብሎ ደምሌን አየው።

ደምሌ ተነሥቶ ቆመ። "አባቴ፣ አንድ ቀን እንኳ እጅህን አውርድልኝ" አለ።

ጓዴ እጁን ሳያወርድ መለሰ። "ለጎረቤቴ የከለከልኩትን ለልጄ ልፍቀድ? ነገ ምን ይሉኛል?"

"ምን ይሉኛል ነው ያስጨነቀህ? ልጄ ምን ይሆናል አትልም?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ጓዴ፣ እንዲያው ዛሬን..." ብለው ጀመሩ። የጓዴ እጅ እንዳለች ቀረች፤ በዚያች አንቀጽ ጥያቄው ወደቀ። ማታ ካሣነሽ እራት አቅርባ ሁለቱም አልነኩትም።

ሰኔ ሲገባ ደምሌ ወደ መተማ ለሰሊጥ አረም ከሚወርዱት ጋር ሊሄድ ተነሣ። እናቱ ዳቦ ቆሎ አዘጋጀችለት፤ ቆላው ወባ አለበት፣ አጎበር ሥር ተኛ፣ የማታውቀውን ውሃ አትጠጣ እያለች እስከ መንገድ ሸኘችው። ጓዴ እርሻ ላይ ነበር። ልጁ መንገዱን ትቶ ወደ እርሻው ዳር መጣና ቆመ፤ "ሄድኩ እንግዲህ" አለው። ጓዴ እርፉን ይዞ፣ ገና ከትልሙ መሀል ነበር። ኩርፊያውም አልለቀቀውም። "ይህችን ትልም ልጨርስ" አለ። ከዳር ደርሶ በሬዎቹን አዙሮ ቀና ሲል ልጁ ኮረብታውን ወጥቶ ጀርባው ብቻ ይታያል። ሊጣራ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ደግሞ በሬዎቹ አሉ፣ ሰው ይሰማል፣ ምናምን አለና ተወው። ይመለስ የለ እንዴ፣ ለመስቀል! አለ በልቡ።

ደምሌ ስልክ ሲደውል በእናቱ በኩል ነበር። "አባትህን ላገናኝህ?" ስትለው "ሌላ ጊዜ" ይላል። ጓዴ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል፤ ስልኩን ስጪኝ አይልም። ሁለቱም ያው ናቸው፤ ልጁም የአባቱን ግትር አንገት ነው የወረሰው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስልኩ ጠፋ። ከዚያ አንድ የማያውቁት ልጅ ደውሎ ደምሌ በወባ ተኝቷል አላቸው። ጓዴ በሬውን ሸጦ ሊሄድ ተነሣ። መንገድ ተዘግቷል ተባለ፤ መኪና አይሄድም። አንድ ሳምንት ደብረ ታቦር መናኸሪያ ላይ ሲንከራተት ሰነበተ። እሱ መናኸሪያ እያለ ሰዎች ካሣነሽ ቤት በጠዋት መጡ። በጠዋት በብዛት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

እዚያው ቀብረውታል። ለቅሶው ሬሳ በሌለበት ተለቀሰ፤ ሸማውንና አንዲት የትምህርት ቤት ፎቶግራፉን አስቀምጠው። ጓዴ ከደብረ ታቦር ሲመለስ ድንኳኑ ተተክሎ ደረሰ። ካሣነሽ ሙሾ ስታወርድ ቆይታ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር፤ ሲያቅፋት በዚያ በተዘጋ ድምፅ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ብቻ አለችው። "ብታወርዳት ኖሮ" አለችው። ሌላ አልጨመረችም። ከዚያም በኋላ ጨምራ አታውቅም፤ ብትሰድበው በወደደ ነበር። እንደ ሴት ጮኾ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው አገሩ ያየው።

እሱ ሐዘን ላይ ተቀምጦ ሳለ አመራሩ ተቀየረ። ኮሚቴውም አዲስ ተመረጠ። ለጓዴ የምስጋና ወረቀት ሰጡት፤ የት እንዳደረገው እንኳ አያውቅም። ከዚያ ደንቡ "ተሻሻለ" ተባለ። በበጋው ደግሞ ጨፌው ለወጣቶች ማኅበር ተሸነሸነ። ግርጌው ብቻ አይደለም፤ እስከ ምንጩ ድረስ! ደምሌ ከጠየቀው ዐሥር እጥፍ። ውሃውን የሚያጠፋ ቦይ በመሀሉ ተቆፈረ፤ ችካሉ ተነቅሎ የአንዱ ቤት አጥር ሆነ።

ጓዴ በትሩን ይዞ ወረዳ ድረስ ሄደ። አንድ የማያውቀው ጎልማሳ ተቀበለው።

"ደንብ ነበረው እኮ" አለ ጓዴ።

"ተሻሽሏል፣ አባት።"

"ማኅተም ነበረው!"

"ይኸውልዎት፣ ይሄም ማኅተም አለው" ብሎ አሳየው። ክቧ ማኅተም ራሷ ናት። ዓለምነህ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ሲደውልለት "አያ ጓዴ፣ በጣም አዝናለሁ፣ ከእጄ ወጥቷል" አለው። ልጁም የእውነቱን ነው ያዘነው፤ ሐዘኑ ግን ቦይ አይደፍንም።

አንድ ቀን መልካሙ እቤት መጣ። ደጃፍ ላይ ቆመ፤ ካሣነሽ ግባ እስክትለው አልገባም።

"አያ ጓዴ፣ እትዬ ካሣነሽ፣ የደምሌን ድርሻ አላስቀረንም" አለ። "ለሁላችንም ሲደርሰን ለእሱም በስሙ እንዲወጣለት አድርገናል። ከምንጩ አጠገብ ያለችው ናት። አብረን የጠየቅነው ነው፤ እሱ የለም ብለን እንዴት እንበላዋለን? ለእናንተ ነው።"

ካሣነሽ የልጁን አንገት አቅፋ አለቀሰች፤ ደስታም ሐዘንም ነበር። ልጁ በሕይወት ሳለ ጓዴ የነፈገው መሬት ሲሞት በስሙ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር ጠላት እንኳ ያስብበታል? ወዳጅ ነው በፍቅር ያመጣው።

ሰኔ ሚካኤል ሲደርስ ጓዴ እንደገና አባ ካሴ እግር ሥር ወደቀ። "ይገዝቱልን አባ። ችግኙ ሳይተከል ይገዝቱልን።"

"ማንን ልገዝት፣ ልጄ?" አሉ አባ ካሴ። "መልካሙን ነው? ክርስትና ያነሣሁትን ልጅ?"

ግን አንጀታቸው አልቻለም። ከቅዳሴ በኋላ እንደ ድሮው ከበሩ ቆመው፣ መስቀላቸውን ወደ ጨፌው አንሥተው ገዘቱ። ማጭድም፣ ከብትም፣ ማረሻም፣ ችግኝም አሉ። ከዚያ "ይሁን" የሚለውን ድምፅ ጠበቁ።

ሕዝቡ መሬት መሬት ያያል። ከጨፌው ለልጁ ያልደረሰው ቤት የለማ! ጓዴ ብቻውን "ይሁን!" አለ። ዘወር ብሎ ሴቶቹን አየ፤ ካሣነሽን ፈለገ። ካሣነሽ አየችው፣ አፏን አልከፈተችም። አባ ካሴ መስቀላቸውን አወረዱ፣ ወደ ውስጥ ገቡ።

መንገድ ላይ "አንቺስ?" አላት።

"ልጄ የለመነው መሬት ላይ ግዝት አላስገባም" አለችው።

ባሕር ዛፉ በዚያ ክረምት ተተከለ። ጓዴ የደምሌን ድርሻ እንዳለች ተዋት። ቄጠማ ያለባት፣ ውሃ የምታቁር ቁራሽ መሬት ናት፤ በአራቱም ማዕዘን ችግኝ ከቧታል። ቀዳም ስዑር ሲደርስ ካህናቱ ቄጠማ ያገኙት ከእሷ ብቻ ነበር። ጓዴ ራሱ አጭዶ፣ ራሱ ተሸክሞ አመጣው። አባ ካሴ ከዚያው ቄጠማ ራሱ ላይ አሰሩለት። ሰዎቹ ሁሉ የዚያን ዓመት ፋሲካ የደምሌን ቄጠማ አሥረው ዋሉ። ጓዴ ይህችን አይቶ ትንሽ ተጽናና፤ ቢያንስ ይህቺን ይዤልሃለሁ አለ።

እሷንም አልተዉለትም። ማለቴ ሰው አልነካበትም፤ ዛፉ ነው። ዛፉ በቁመት ሲጨምር ምንጩ ቀነሰ። መጀመሪያ ኩሬዋ ጎደለች፣ ኋላ ምንጩ በክረምት ብቻ የሚፈልቅ ሆነ፣ ኋላ እሱም ቀረ። የታችኛው መንደር ሴቶች ጀሪካን ይዘው ሌላ ሸለቆ መውረድ ጀመሩ። ሽመላው መምጣት አቆመ። መልካሙ ራሱ አንድ ቀን መጥቶ፣ "አያ ጓዴ፣ እንዲህ ይሆናል ብለን አይደለም እኮ" አለው። ጓዴ አልተቆጣውም። ምን ብሎ ይቆጣው? ከደምሌ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ሲጋፋ ያደገ ወዳጁ ነው።

በዘንድሮው ቀዳም ስዑር ቄጠማው ከሩቅ አገር በአህያ ተጭኖ መጣ። ከመንገድ ርዝመት ጠውልጎ ነበር፤ ለአንድ ቤት አንዳንድ ዘለላ ደረሰው። ዲያቆኑ ቃጭሉን እያቃጨለ መጥቶ ለካሣነሽ ሲሰጣት ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

"የጥፋት ውሃ መጉደሉን የሚያበስር ነው ይሉናል" አለች። "የእኛስ ጎደለልን።"

ጓዴ ወጥቶ ሄደ። ወደ ደምሌ ድርሻ ወርዶ መሀሏ ላይ ቆመ። እግሩን አልዋጠችውም። መሬቷ ተሰነጣጥቃ፣ የቄጠማው ሥር እንደ ገለባ ተነቅሎ ይወጣል። እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ። ልጁን ለዚህች መሬት ነው የሰጠው፤ መሬቷም ሄደች።

ሰኔ ላይ ካሣነሽ ከመልካሙ ችግኝ ጣቢያ የባሕር ዛፍ ችግኝ በቅርጫት ተሸክማ መጣች። እግሩ ሥር አስቀመጠችው።

"ትከልለት" አለችው።

"ካሣነሽ፣ ሌላውን ሁሉ በይኝ፣ ይህን ብቻ..."

"ሬሳውን አላመጣህልኝም" አለች። አልጮኸችም። "መቃብሩን አላሳየኸኝም። ጭንቅላቱን ይዤ አልሸኘሁትም። ከዚህ ዓለም የጠየቀን አንዲት ነገር ናት። የምትጠብቀው ጨፌ የለህም አሁን። ለማን ብለህ ነው የምትነፍገው? ትከልለት።"

ጓዴ ዶማውን አነሣ።

ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቷል። ድሮ አንድ ስንዝር ሲቆፈርበት ውሃ ያቁር የነበረው አፈር አቧራ ሆኖ ይበናል። ጓዴ ይቆፍራል፣ ካሣነሽ ችግኙን ታቀብላለች። ከግራና ከቀኝ የማኅበሩ ልጆች ዛፎች ከሰው ቁመት አልፈው ቆመዋል። ይህችን መሬት ሲጠብቅ የሸበተው ሰው የመጨረሻዋን ባሕር ዛፍ በገዛ እጁ ሲተክል ያዩ ሰዎች መንገዳቸውን ቀይረው አለፉ፤ ማየቱን አልቻሉትም። አባ ካሴም ከአፋፉ ላይ ቆመው ነበር ይባላል፤ አልወረዱም።

የመጨረሻዋን ችግኝ ሲተክል ጓዴ ተንበረከከ። ሁለቱንም እጆቹን አፈሩ ላይ ዘርግቶ ዙሪያዋን ጠቀጠቀ፤ ጠቅጥቆ ጨርሶም አላነሣቸውም።

"እንካ፣ ልጄ" አለ። "ይኸው እጄን አወረድኩልህ።"

ካሣነሽ ፊቷን አዙራ ቆመች። ችግኙ ውሃ ካልጠጣ እስከ ማታ አይቆይም። ጓዴ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ፣ ጀሪካኑን አነሣና ውሃ ፍለጋ ወደ ሌላው ሸለቆ ወረደ።